የኤሊፕሶሜትሩ ንባብ ከንጣፉ ቀለም ጋር አይገጥምም

ጥያቄ፦ ሲሊከን ዋፈር (ስስ የሲሊከን ዝርግ) ላይ በእቶን የበቀለ የሲሊከን ዳይኦክሳይድ ንጣፍ በኤሊፕሶሜትር (ከገጽ ላይ በሚንጸባረቅ ብርሃን የስስ ንጣፍን ውፍረት በሚለካ መሣሪያ)፣ በሂሊየም-ኒዮን ሌዘር (632.8 ናኖሜትር)፣ በ70 ዲግሪ የብርሃን ማዕዘን ሲለካ ውፍረቱ 36 ናኖሜትር ይላል። ንጣፉ ግን ሰማያዊ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ንጣፍ እንዲህ አይታይም። ችግሩ የት ነው?

መልስ 1፦ መሣሪያው አልተሳሳተም። በአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ሲለካ ውፍረቱ በአንድ ዙር መጠን በጨመረ ቁጥር ንባቡ እየዞረ ይደገማል። የስብረት ኢንዴክሱ (ንጣፉ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን) 1.457 ከሆነ በ70 ዲግሪ ዙሩ 284 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 36፣ 320 እና 604 አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጣሉ። ሰማያዊ ከሆነ 320 ይመስለኛል።

መልስ 2፦ ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ከጎን ሲያዩት ይለወጣልና በነጭ ብርሃን፣ ቀጥ ብለው ከላይ ይዩት። ማረጋገጫው ማዕዘኑን ወደ 60 ዲግሪ ቀይሮ ደግሞ መለካት ነው። ዙሩ ወደ 270 ይወርዳል። አሁን 50 ካነበበ እጩዎቹ 50፣ 320 እና 590 ናቸው፤ በሁለቱም ማዕዘን የሚገኘው 320 ብቻ ነው።

ጠያቂው፦ ኢንዴክሱንም አብሮ ማስላት ይቻላል?

መልስ 1፦ በ320 ይቻላል። ውፍረቱ 284 አካባቢ ሲሆን ግን አይሞክሩት፤ እዚያ ላይ ንጣፉ ጨርሶ የሌለ ያህል ስለሚነበብ ትንሿ የማዕዘን ስህተት ኢንዴክሱን ታበላሻለች። 1.457 ላይ አስረው ውፍረቱን ብቻ ያስሉ።