በጥቅምትና በኅዳር በቤት ውስጥ የምናስተምራቸውን ልጆች ትምህርት እስከ ምን ድረስ ማቅለል ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ከተሁለደሬ

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከቦታ ቦታ ስንዘዋወር በመኖራችን፣ ሦስቱን ልጆቻችንን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቤት ውስጥ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። አሁን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በአማቶቼ ቀዬ ተቀምጠናል። ትልቁ ልጅ የስድስተኛ ክፍል፣ መካከለኛዋ የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ይከታተላሉ፤ ትንሹ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነው።

በመስከረም ወር እንደ መደበኛ ትምህርት ቤት ጠዋቱን በየ40 ደቂቃው ከፋፍዬ፣ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት በየቀኑ ለማዳረስ ሞክሬ ነበር። ከግሼን ማርያም በዓል ወዲህ ግን መርሐ ግብሩ አልያዝ ብሎኛል። ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ ስለወረደበት ትልቁ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከአያቱ ጋር ማማ ላይ ይወጣል፤ የጤፉ አጨዳም እየተቃረበ ነው፤ እኔም ብሆን ለደቦው ምግብ ማሰናዳቱ አይቀርልኝም። አማቴ «ትምህርቱ የትም አይሄድም፤ እህሉ ግን ወፍ ይጨርሰዋል» ይሉኛል፤ ባለቤቴ በበኩሉ ልጁን ክልላዊ ፈተና የሚጠብቀው መሆኑን እያነሣ ይሰጋል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ትምህርቱን ቀለል ላድርገው ብል የትኛውን በየቀኑ መያዝ፣ የትኛውን ማቆየት ይገባኛል? በማሳው ላይ የሚያዩትና የሚሠሩት ነገር እንደ ትምህርት ሊቆጠርልኝ ይችላልን? ሦስቱን በአንድ ላይ አስቀምጬ የማስተምርበት ዘዴ ካለም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደሴ

ልጄ፣ ጥያቄሽን በሚገባ አንብቤዋለሁ። በገጠር ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን ሳስተምር ጥቅምትና ኅዳር ክፍሉ የሚሳሳበት ወቅት መሆኑን ስለማውቅ፣ አማትሽን ከመሞገት ይልቅ ሰዓቱን ማዛወር የሚሻል ይመስለኛል። ወፍ አጥብቆ እህል የሚወርደው ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይ ስትከር ወደ ጥላ ይጠጋል። ስለዚህ ልጁ ከማማው ወርዶ ምሳውን ከበላ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ የትምህርት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጠዋት በ2 ሰዓት ብርዱ ገና ሳይለቅ ሦስት ልጆችን ደብተር ላይ ማቀርቀርም ቢሆን በዚህ ወቅት ብዙ ፍሬ የለውም።

በየቀኑ የማይቀሩት ሁለት ናቸው፤ ማንበብና መጻፍ አንድ፣ ሒሳብ ሁለት። እነዚህ ቀን ከተዘለሉ ይዝጋሉ። አካባቢ ሳይንስን፣ ግብረ ገብን፣ ክወናና እይታ ጥበባትን በሳምንት አንድ አንድ ጊዜ ብታነሺያቸው ልጁን የሚጎዳው ነገር የለም። ሰውነት ማጎልመሻን እስከ ታኅሣሥ ድረስ እርሺው፤ ሲያጭድና ነዶ ሲሸከም የዋለ ልጅ ሩጫ አያሻውም።

ስለ ትንሹ አንድ ነገር ልጨምር። 33ቱን ፊደላት ከነእርባታቸው 231 አድርጎ በዜማ መውረዱ መልካም ነው፤ ሆኖም ብዙ ልጆች ከ«ሀ» ጀምረው ካልወረዱ በቀር «ሶ»ን ለብቻዋ ሲያዩ አያውቋትም። በወፍራም ወረቀት ላይ በየቀኑ አምስት ያህል ፊደል ጽፈሽ፣ አቀላቅለሽ አሳዪው፤ ከዚያም «ላሜ»፣ «ማሳ»፣ «ነዶ» የመሳሰሉ በዙሪያው ያሉ አጫጭር ቃላትን እንዲገጣጥም አድርጊው። ይህን መካከለኛዋ ልጅ ልታስጠናው ትችላለች፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ አንቺም በዚያ ጊዜ ከትልቁ ጋር ትሆኛለሽ።

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት፣ ከወልድያ

የደሴው መምህራችን ስለ ሰዓቱ የተናገሩትን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ «ማሳው ራሱ ትምህርት ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ወላጆችን ሲያዘናጋ ስላየሁ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። ማጨድ ሥራ ነው፤ ትምህርት የሚሆነው ልጁ ያየውን ለክቶ፣ ጽፎ፣ አስልቶ ሲያቀርብ ብቻ ነው። በደብተሩ ላይ ያልሰፈረውን ቀን እንደ ትምህርት ቀን አትቁጠሪው።

ለስድስተኛ ክፍሉ ልጅ የምመክረው የሚከተለውን ነው። ማሽላው ከመቆረጡ በፊት ከገመድና ከአራት ችካል ጎኖቹ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘን ይሥራ፤ ማዕዘኖቹ ትክክለኛ መሆናቸውንም ሁለቱን ሰያፎች ለክቶ እኩል መሆናቸውን በማየት ያረጋግጥ። ከዚያም አያቱን አስፈቅዶ፣ በማሳው ውስጥ ሰብሉ ጥሩ ከሆነበት፣ መካከለኛ ከሆነበትና ከሳሳበት ቦታ በዚያ ካሬ ውስጥ ያረፉትን የማሽላ ራሶች ቆርጦ ለየብቻቸው ይፈልፍላቸው፤ በሱቅ ሚዛንም ይመዝናቸው። አንድ ሔክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በአንዱ ካሬ ሜትር በአማካይ 250 ግራም ከተገኘ በሔክታር 2,500 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 25 ኩንታል ይሆናል። የአያቱ ማሳ አንድ ጥማድ ከሆነና ጥማዱን ሩብ ሔክታር ብለን ከወሰድነው፣ ግምቱ ከ6 ኩንታል ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው። ምርቱ ከአውድማ ሲገባ ግምቱ በስንት በመቶ እንደተዛነፈ ያሰላል። በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ስፋት፣ አማካይ፣ የአሥርዮሽ ቁጥር፣ ንጽጽርና መቶኛ አሉ፤ እነዚህም በመጽሐፉ ውስጥ በየምዕራፉ ተበታትነው የሚያገኛቸው ናቸው። አያቱም በዓይናቸው ብቻ አይተው የሚገምቱትን አስቀድመው ይንገሩት፤ ሁለቱ ግምቶች ጎን ለጎን ይጻፉ። አያት ቢያሸንፉ አይግረማችሁ።

ከዚህ ውጪ እንግሊዝኛውን አደራ። ከማሳ የማይገኝ እርሱ ነው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከዚያው ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይጻፍ። ይህ እንኳ በደቦው ቀን ቢቀር በማግሥቱ ይተካ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት፣ ከኩታበር

እኛ ደጋ ስለሆንን ወፉ ሳይሆን ውርጩ ነው የሚያስጨንቀን፤ ቢሆንም ለአካባቢ ሳይንስ የሚሆን ነገር ከእርሱ አግኝተናል። በጥቅምት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የሞቀውን ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ በክረምት ብርድ ልብስ ሆኖ የሚይዝለት ደመና አሁን የለም። የቀዘቀዘው አየር ከባድ በመሆኑ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። በአንድ ሌሊት ውርጭ የረባዳው ባቄላ ጠቁሮ የተዳፋቱ ደኅና የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆቼ ውኃ የተሞሉ ሁለት ተመሳሳይ ጠፍጣፋ ሳህኖች፣ አንዱን ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ሌላውን ከዛፍ ሥር ያሳድራሉ፤ ንጋት ላይ የትኛው ይበልጥ እንደቀዘቀዘ ይመዘግባሉ። በተሁለደሬ ቆላ ቀመስ አካባቢ በረዶ ባያሠራ እንኳ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፤ ጤዛውም ገላጣው ላይ በዝቶ ይገኛል። እርስዎ ያሉበት ቦታ ሐይቅ ዳር ከሆነ ሌላ ጥያቄ ሊጨምሩላቸው ይችላሉ፤ ከውኃው አጠገብ ያለው ሌሊት ለምን ለዘብ ይላል?

መልስ፦ አባል፣ ከኮምቦልቻ

ሦስቱን በአንድ ላይ ስለማስተማር ለተጠየቀው፣ እኛ ቤት የሠራው የጥላ ልኬት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ዘንግ በተስተካከለ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላው ከሁሉ ይልቅ ባጠረበት ቅጽበት፣ ጫፉ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ፣ በመስከረም አጋማሽ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የነበረው ጥላ በጥቅምት 20 ወደ 47 ይደርሳል፤ በታኅሣሥ 12 ገደማ 70 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ያጥራል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢለካ በቂ ነው።

ትንሹ ጠጠሩን ያስቀምጣል፤ መካከለኛዋ በሜትር ለክታ ቁጥሩን ከነቀኑ ትጽፋለች፤ ትልቁ በካሬ ወረቀት ላይ ግራፍ ይሠራል፤ የሚቀጥለውን ሳምንትም ይተነብያል። በመጀመሪያ ቁጥሩ በየሳምንቱ በሰፊው ይዘላል፤ ወደ ኅዳር መጨረሻ ግን ዕድገቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልጁ ይህን ከግራፉ ላይ ራሱ ቢደርስበት ይሻላልና አስቀድማችሁ አትንገሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዘንጉን ጥጃ የማይደርስበት ቦታ ትከሉት።

መልስ፦ አባል፣ ከባቲ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ በአጭሩ ነው። ጥበባቱንና ታሪኩን ፈጽማችሁ አታቆዩዋቸው፤ ማታ ማታ ያለ ደብተር የሚሄዱ ናቸው። ባቲና አምባሰል የሁለት ቅኝቶች ስም መሆናቸውን፣ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራት እንደሚሆኑ፣ እያንዳንዱም በአምስት ድምፅ እንደሚሠራ የወሎ ልጅ ሊያውቅ ይገባል፤ በስልክ አሰምታችሁ ለይቶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ታሪኩም ቅርባችሁ ነው። ውጫሌ ከሐይቅ በስተሰሜን በዚያው በወልድያ መንገድ ላይ ናት፤ ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስንት ዓመት፣ ስንት ወር፣ ስንት ቀን እንዳለ ትልቁ ያስላ፤ ጳጉሜን ከዘነጋ ደግሞ እንዲያሰላ መልሱለት። ውሉ ምን ምን እንደያዘና ነገሩ ስለምን ወደ ጦርነት እንዳመራ ደግሞ ከመጽሐፉ አንብቦ ለታናናሾቹ ይንገራቸው።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀትሩን ሰዓት ለአማቴ ነግሬያቸው ተስማምተዋል፤ «ወፉም ልጁም ይረፉ» ነው ያሉት። የጥላውንም ዘንግ ተክለናል፤ የማሽላውን ግምት ግን ገና ካሁኑ «ማን ቢለካ ነው» እያሉ ይስቁበታል። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ አሁን የሚቆየውን ትምህርት ከታኅሣሥ በኋላ እንዴት ባደርገው ነው የማደርሰው? ሁለተኛ፣ በቤት የተማረ ልጅ ለስድስተኛ ክፍል ፈተና እንዴት ይቀመጣል?

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት፣ ከወልድያ

ስለ መጀመሪያው ልመልስ። ከታኅሣሥ 15 እስከ ግንቦት መጨረሻ 165 ቀናት፣ ማለትም 23 ሙሉ ሳምንታትና ጥቂት ቀናት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሕመምና ለመንገድ አራቱን ቀንሺ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ለክለሳ ያዢ። የሚተርፉሽ 16 ናቸው። አሁኑኑ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ማውጫ ገልጠሽ በእርሳስ በ16 ከፋፍዪው። የአንዱ መጽሐፍ ድርሻ በሳምንት ከ12 ገጽ በላይ ከመጣ ያ መጽሐፍ እስከ ታኅሣሥ ሊቆይ አይችልምና፣ ከአሁኑ በሳምንት ሁለት ቀን ይግባ። ምናልባት አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሁሉንም በእኩል ማቅለል የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ማታ ደግሞ አታስጠኚው። ከማለዳ ጀምሮ ውጭ የዋለ ልጅ በኩራዝም ሆነ በመብራት ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያነበው በማግሥቱ አይገኝም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደሴ

ፈተናውን በተመለከተ ልጄ፣ ከሰው ወሬ ይልቅ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ሂጂ። ልጁ ቀደም ሲል የተማረበትን የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና ጉርድ ፎቶግራፉን ይዘሽ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት ስም ሊመዘገብ እንደሚችል፣ በየሴሚስተሩ እየሄደ የሚፈተነው ነገር እንዳለና የምዝገባው ማብቂያ መቼ እንደሆነ ጠይቂ። በቃል ብቻ «ይቻላል» ቢሉሽ ለጊዜው አመስግነሽ፣ በማመልከቻ ጽፈሽ አስገቢና በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጪው፤ ኃላፊ ሲቀየር የቃል ነገር ይጠፋል። ከአምስተኛ ክፍል የሚጎድል ውጤት ካለበት ለማሟላት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ጤፉ እስኪወቃ አትጠብቂ። አማትሽ ገበያ የሚወርዱበትን ቀን ጠብቀሽ አብረሻቸው ብትሄጂ፣ የልጁን የወፍ ጥበቃ በዚያ ቀን ባለቤትሽ ይያዝለት።