ቀይ ወይን በውሃ ብርጭቆ ሲጠጣ ለምን ይለወጣል?

ጠያቂ (ሐዋሳ፣ ታቦር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር የጠጣሁት ቀይ ወይን መዓዛው ልቤን ወሰደው። እሁድ አባዬ ጡረታ የወጣበትን ለማክበር 8 ሰው እራት ስለጠራሁ ያንኑ ወይን ገዛሁ። ትናንት በውሃ ብርጭቆ ብቀምሰው ግን አፍንጫዬን የወጋኝ አልኮሉ ብቻ ነው። ጥፋቱ የብርጭቆው ይሆን? ብርሌም አለኝ።

መልስ 1 (የሆቴል አስተናጋጅ)፦ እህቴ፣ ብርጭቆው ድርሻ አለው። መዓዛው ከወይኑ ላይ እየተነነ ነው አፍንጫ የሚደርሰው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ያንን ሰብስቦ ያቆየዋል፤ አፈ ሰፊው የውሃ ብርጭቆ ወዲያው ይለቀዋል። ሲሶውን ብቻ ቅጂና እግሩን ይዘሽ ክብ ክብ አዙሪው። ብርሌውን ለጠጅ ተዪው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም።

ሙቀቱንም እዪው። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚጥመው፤ የሐዋሳ ቤት በቀን ከዚያ ይሞቃል። ሲሞቅ ደግሞ አልኮሉ ይቀድማል። ከመክፈትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው።

መልስ 2፦ ለየወይኑ የተለየ ብርጭቆ ግዢ የሚልሽ ካለ አትስሚው። የኦስትሪያው ብርጭቆ አምራች ሪዴል በ1973 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ብርጭቆዎችን አወጣ። ቅርጹ ወይኑን ጣፋጭ ወይም መራራ ወደሚለይ የምላስ ክፍል ይመራዋል ሲባልም ኖሯል፤ ሆኖም ሁሉንም ጣዕም መላው ምላስ ይለያል። ለቀማሾች በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንኳ አንድ ዓይነት ብርጭቆ ነው፤ 215 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የሚቀዳበት 50 ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ባለእግር ይበቃሻል።

መልስ 3፦ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ለእንግዳ ያወጣኋቸው ብርጭቆዎች ቡፌ ውስጥ ተደፍተው ከርመው ኖሮ ወይኑ የእንጨት ሽታ አመጣ። መጀመሪያ ባዶውን አሽትቺው። በሙቅ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂ፤ በወጥ ቤት ፎጣም አታድርቂው፣ የቂቤና የሽንኩርት ሽታ ይይዛል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከጎረቤት አንድ ባለእግር ተውሼ፣ ወይኑን አቀዝቅዤ ከውሃው ብርጭቆ ጎን ቀዳሁ። በባለእግሩ እንደ እንጆሪ ያለ ሽታ መጣልኝ፤ በውሃው ብርጭቆም ከትናንቱ ተሽሏል። 8 ልገዛ ነው። ስንት ጠርሙስ ይበቃኛል?

መልስ 1፦ ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ 125 እየቀዳሽ ለ6 ሰው ይደርሳል። ሁለት ሁለት ጊዜ ከሆነ 3 ጠርሙስ ያዢ። አባባን እንኳን ደስ ያለዎት በይልን።