የቅዳሜ ገበያን በሁለት ጆሮ ማይክ መቅዳት፦ የፊቱ ድምፅ ለምን ከኋላ ይሰማል?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለቤቱ። የባሕር ዳርን ቅዳሜ ገበያ፣ የደንገል ታንኳ ቀዘፋን፣ ከተፈቀደም ማኅሌትን በባይኖውራል ዘዴ፣ ማለትም ሁለት ማይክ ጆሮ ላይ አድርጌ መቅዳት እፈልጋለሁ። ሁለት ፕሪሞ ኢኤም272 ካፕሱል (ጥቃቅን ማይኮች)፣ ስልክና ዙም ኤች1ኤን የተባለ ትንሽ የድምፅ መቅጃ (ሪከርደር) አለኝ። በስልኩ ግራና ቀኙ አይለይም። በዙሙ ይለያል፤ ግን ቅጂውን በሄድፎን ስሰማው ፊት ለፊቴ የነበረው ሰው ከኋላዬ የሚያወራ ይመስላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ነፋሱንስ በምን ልከላከል?

ሽቦና ካፕሱል፦
ስልኩን ተወው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ለማይክ ያለው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ሁለት ካፕሱል ብትሰካም የሚቀዳው ሞኖ ነው፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሌለው አንድ ድምፅ፤ አፕ መቀየር አይፈታውም። በኤች1ኤን ሜኑ ውስጥ ፕለግ ኢን ፓወርን (በመሰኪያው በኩል ለማይክ የሚሰጠውን ኃይል) አብራ፤ የሚሰጠው 2.5 ቮልት ለእነዚህ ካፕሱሎች ይበቃል። አውቶ ሌቭልን (የድምፅ መጠንን በራሱ የሚያስተካክለውን) ግን አጥፋ። ጸጥ ሲል እያነሳ፣ ሲጮህ እየጣለ ቅርቡንና ሩቁን አንድ ያደርገዋል። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ ፋይል ይሁን፤ አንድ ሰዓቱ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ትልቁ ድምፅ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገህ የድምፅ መጠን ቁልፉን ካስተካከልህ በኋላ አትንካው።

ራስህ የምትበይድ ከሆነ፦ የመሰኪያው ጫፍ ግራ፣ ቀለበቱ ቀኝ፣ ግንዱ ግራውንድ (የሁለቱም የጋራ መመለሻ መስመር) ነው። ካፕሱሉ ላይ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘው ነጥብ ግራውንድ ነው፤ ከገለበጥኸው ቆርቆሮውን በነካህ ቁጥር ያጉረመርማል። የብየዳ ብረቱ በአንድ ነጥብ ላይ ከ2 ሰከንድ በላይ አይቆይ። ሙቀቱ በካፕሱሉ ውስጥ ያለውን ቋሚ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያዳክመዋል፣ ከዚያ በኋላ ሹሹታው አይለቅህም።

የማርቆስ ጆሮ፦
ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ግራና ቀኝን የምንለየው ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ቢበዛ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጭንቅላትም ቀጭኑን ድምፅ ከማዶው ጆሮ ይጋርዳል። ልክ ከፊትና ልክ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ግን ለሁለቱም ጆሮ እኩል ነው። እሱን የሚለየው የውጭ ጆሯችን እጥፋት ነው፤ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እንደ አቅጣጫው ይቀይረዋል። ስለዚህ ካፕሱሉ ከጆሮ ውጭ ተንጠልጥሎ ከሆነ ይህ ምልክት አይቀዳም። በጆሮው ቀዳዳ አፍ ላይ፣ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ፣ እጥፋቱ ሳይሸፈን መቀመጥ አለበት።

በትክክል ተቀምጦም ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የአድማጩ ጆሮ እንደ አንተ ጆሮ አይደለም፤ አንገቱን ሲያዞር ደግሞ ገበያው አብሮት ይዞራል። መድኃኒቱ የቦታ ምርጫ ነው፣ እኔ ከዕቃው ይልቅ በዚህ አምናለሁ። መሐል ገበያ ከቆምህ ሁካታ ብቻ ነው የምታገኘው። ጠባብ መተላለፊያ ፈልግ፦ በአንድ ሜትር ርቀት እህል የሚሰፍር ሰው፣ በአምስት ሜትር ክርክር፣ ከሩቅ የባጃጅ ጥሩምባ። ከፊት መጥቶ በጎንህ አልፎ የሚሄድ የተጫነ አህያ ካለ አድማጩ ፊትና ኋላውን ከእርምጃው ይረዳል። አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጠህ አንገትህን አታዙር፤ ምራቅ መዋጥም ይሰማል። ነጠላና ጋቢ ጆሮ አጠገብ አይድረስ፣ ሽቦውንም ከጆሮህ ጀርባ በፕላስተር ያዝ። የሰው ወሬ ቅርብ ሆኖ ከተቀዳ ባለቤቱን አስፈቅድ።

ሰከላ፦
ነፋስ አንዴ ካፕሱሉን ካስጮኸው በኮምፒውተር አይጸዳም። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጸጉር ያለው አርቴፊሻል ፀጉር ጨርቅ ከስፖንጅ ብዙ ይሻላል። ታንኳውን ማለዳ ቅዳ፤ ረፋዱ ላይ የሐይቁ ነፋስ ይነሳል፣ የሞተር ጀልባውም ይበዛል።

ማኅሌት ላይ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ውሰድ። ጽናጽል ቀጭንና ቶሎ የሚነሳ ድምፅ ስለሆነ ቦታው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከበሮው ግን ወፍራም ስለሆነ ጭንቅላት አይጋርደውም፣ አቅጣጫውም እንደ ጽናጽሉ አይጠራም። ከከበሮው ጥቂት ሜትር ካልራቅህ ድምፁ ከሪከርደሩ አቅም በላይ ሆኖ ተሰባብሮ ይቀዳል። ጢስ ዓባይን ካሰብህ ፏፏቴው ሥር አትቁም፤ ከየአቅጣጫው ያው ሹሹታ ነው። ራቅ ብለህ፣ ውኃው በአንድ ጎንህ ሆኖ፣ በሌላው ጎን ወፍና የሰው ኮቴ ሲኖር ነው ቦታው የሚገባው።

ቅጂውን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትላከው፣ ሞኖ ይሆናል። በፋይል ላከው፤ በስፒከርም አይሰማ፣ ግራው ወደ ቀኝ ጆሮ ይገባና ሁሉም ይፈርሳል።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፀጉር ጨርቁ ጆሮዬን ከሸፈነ ያ የእጥፋቱ ምልክት አይጠፋም?

ሰከላ፦
ፀጉሩ ድምፅ ያሳልፋል፤ የሚያፍነው ከሥሩ ያለው ጨርቅ ነው። ስለዚህ ሥሩ ወንፊት የመሰለ ስስ የሆነውን ምረጥ፤ ካፕሱሉ ላይ ሳይጣበቅ መላ ጆሮውን ከውጭ ይሸፍን፣ በመካከሉ ጥቂት ባዶ ቦታ ይኑር። ነፋስ በሌለበት፣ ለምሳሌ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ አውልቀው።