ጥቆማ፦ አደይ አበባ ሳይረግፍ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ከማን ጋር ይሻላል?

የመስከረም ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አደይ በደንብ በፈነዳችበት ሰሞን ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የእግር ጉዞ ፈልጌ ነበር። ያሰብኩት ወንጪ፣ መናገሻ ሱባ ወይም እንጦጦ ነው። እናቴም አብራኝ ናት፤ 60 አልፏታል፣ መራመዱን ትችላለች፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል። ከጉዞ አዘጋጆች ጋር ልመዝገብ ወይስ እዚያው ደርሼ የአካባቢውን አስጎብኚ ልያዝ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ደገኛ፦
አዘጋጁን ከመምረጥሽ በፊት ቀኑን ቁረጪ። በግርድፉ ከመስከረም 10 እስከ 25 ባለው ጊዜ ሜዳው ቢጫ ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ ከወጣ ደግሞ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ትቆያለች። መስከረም 16 ደመራ ስለሆነ ከሰዓት ወደ ከተማ መመለስ ፈተና ነው። የኢሬቻ ቅዳሜና እሑድም መንገድ ይዘጋል።
ቦታውን በተመለከተ አደይ ብርሃን ትፈልጋለች። ሱባ የጽድና የዝግባ ዛፎቹ ስለሚያጠሉባት ጫካው ውስጥ ጥቂት ናት፤ ለጉሬዛና ለዛፍ ከሆነ ግን ሱባን የሚያህል የለም። እንጦጦም ባሕር ዛፉ ሥር ብዙ አትጠብቂ። የማሳ ድንበር፣ ከብት ያልገባበት ሜዳ፣ ገለጥ ያለ አፋፍ ላይ ነው የምትበዛው። ለአደይ ከሆነ ወንጪ ይበልጣል።

ሚኒባስ፦
የፈለግሽው ቦታ ይሁን፣ ከቡድን ጉዞ ተጠንቀቂ። ስሙን አልጠራም፤ «12 ሰዓት ንቅንቅ» ያለን አዘጋጅ የቀረ ሰው ሲጠብቅ 2፡30 ተነሳ። መንገድ ላይ ቁርስ ተብሎ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። ወንጪ አፋፍ ስንደርስ ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል፣ ትንሽ ቆይቶ ዶፍ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ለአንድ አስጎብኚ! የፊተኞቹ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የኋለኞቹ መንገድ ስተው የሰው ጓሮ ገብተዋል። ገንዘባችን ይመለስ ስንል «አየሩን እኛ አናዝም» ተባልን።

ኮረብታ፦
ኧረ ተመሳሳይ! እኛ ጋ ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል።

ሚኒባስ፦
ሙዚቃውማ በፓኬጁ ውስጥ ነው፤ አስጎብኚው ነው የሌለው።

ፀሐይ ወጣች፦
ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ። የቦሌዎቹ ልጆች ጋር ሂጂ፣ ሌላ አታስቢ። ጨዋ ናቸው።

ባለከዘራው፦
በሰዓታቸው ይነሳሉ? በአንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይይዛሉ?

ፀሐይ ወጣች፦
ቤተሰብ ናቸው አልኩህ እኮ። ፎቶም በነፃ ያነሳሉ።

ባለከዘራው፦
እንግዲያው ጉሙም አይቷቸው ይገለጣል።

አውራ መንገድ፦
እህቴ፣ እውነተኛ ተራራ ከፈለግሽ የስሜን ተራሮች ናቸው። የሳንካበር ካምፕ 3,250 ሜትር፣ የግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር፣ ከእሜት ጎጎ አፋፍ ቆመሽ ስታዪ ሌላ ዓለም ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው ያለ ነገር አይደለም። ደባርቅ ከተማ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍለሽ ስካውት (የታጠቀ ጠባቂ) ይዘሽ ነው የሚገባው፤ ያለ ስካውት አይቻልም።

ሚኒባስ፦
ጠያቂዋ ደርሶ መልስ ነው ያለችው። ደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እሑድ ጠዋት ወጥታ ለሰኞ ሥራ ትደርሳለች በለና! የመንገዱን ፀጥታ ሳታጣራስ እናት ይዞ ወደዚያ ይኬዳል?

ባለከዘራው፦
ቀልዱን እንተወውና፣ ልጅት፣ ለማንም ገንዘብ ከመላክሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ። የተሽከርካሪው መነሻ ሳይሆን የእግር ጉዞው መጀመሪያ ስንት ሰዓት ነው? በዚህ ወር ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ይላል፣ ከሰዓት ደመና ይከመራል፤ ስለዚህ እስከ 4 ሰዓት መራመድ ያልጀመረ ቡድን አፋፉን ላያይ ይችላል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ አስጎብኚ አለ? ከኋላ የሚሄድ ከሌለ ቡድኑ የሚጓዘው በፈጣኖቹ እርምጃ ነው፣ እናትሽም እሳቸውን የሚጠብቅ ሰው አጥተው ይቸኩላሉ፤ ጉልበት የሚጎዳው ያኔ ነው። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ ከነገሩሽ ዳገቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቂ። የመግቢያ፣ የጀልባና የፈረስ ሒሳብ ለየብቻ ይሁን ተደምሮ አስረግጪ፤ ጭቅጭቁ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው። ዝናብ ቢጥል ቀኑ ይቀየራል ወይስ ገንዘቡ ይቀራል? ይህን በጽሑፍ ያስቀምጡልሽ።
በኔ እምነት ራስሽ መኪና ካለሽ ወይም ተካፍላችሁ ከተከራያችሁ የአካባቢው አስጎብኚ ይሻላል። አደይዋ ዘንድሮ የት እንደበዛች የሚያውቀው ጓሮው ያለው ሰው ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ አዘጋጅ የሚያሳይሽ የአምናውን ፎቶ ነው።

የመስከረም ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ፈረሱስ ለእናቴ ይሆናል?

ባለከዘራው፦
ለመውጣት አዎ፣ ለመውረድ አይ። ቀጥ ባለ ቁልቁለት ኮርቻው ወደ አንገት ይንሸራተታል፣ ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ ፈረሱ ራሱ ይስታል። ወንጪ ወደ ሐይቁ መውረዱ በእግር ይሁን፣ ሽቅብ ሲመለሱ በፈረስ። ከመውጣታቸው በፊት የኮርቻውን ማሰሪያ ባለፈረሱ ደግሞ እንዲያጠብቀው አድርጊ፤ ፈረሱ ሲታሰር ሆዱን ነፍቶ ይቆይና ትንሽ ሲሄድ ይላላል። እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር ጫፍ ብቻ ነው። ለቁልቁለቱ ሁለት ምርኩዝ ይያዙ፤ የሚረዝም የሚያጥር ከሆነ ሲወርዱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አስረዝሚው። አጭር እርምጃ፣ ጠመዝማዛ አረማመድ። አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ደገኛ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት ገብቶም «አደይ ፈክታለች» እያሉ ፎቶ የሚለጥፉ አዘጋጆች አሉ። ያ እስከ አድማስ የተዘረጋ ቢጫ ብዙ ጊዜ የተዘራ ኑግ ነው። ፎቶውን አቅርባችሁ ቅጠሉን እዩ፦ የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፣ የኑግ ደግሞ ያልተከፈለ፣ ዳሩ ብቻ ጥርስ ጥርስ ያለው።

ኮረብታ፦
ኑግም ቢሆን ያምራል፣ ምን አለበት?

ደገኛ፦
ያምራል። ግን የሰው ማሳ ነው፤ 40 ሰው ፎቶ ሊነሳ ገብቶ ሲረግጠው ገበሬው ዱላ ይዞ ቢመጣ አይፈረድበትም።

አውራ መንገድ፦
ጫማስ ማንም አላነሳም። ሳልቫጅ ተራ ጥሩ የተራራ ጫማ አለ።

ሚኒባስ፦
አለ፣ ሶሉ ግን መሀል መንገድ ላይ ይገነጠላል።

ሊስትሮው፦
የሚገነጠልበት ምክንያት አለው። በላይኛው ቆዳና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ጫማው ሳይደረግ ለዓመታት ሲቀመጥ ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ይበሰብሳል። ከላይ ሲታይ አዲስ ነው። ስትገዙ ጎኑን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ከተፈረፈረ ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካሳየ ተዉት። ጥርሱንም እዩ፣ ጥልቀት የሌለውና የተጠጋጋ ከሆነ ጥቁር አፈር ሞልቶት እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ስፖንጁ ደህና ሆኖ ሶሉ ብቻ ከለቀቀ ዙሪያውን በናይለን ክር ማሰፋት ነው፤ ማስቲሽ ብቻውን ጭቃ አይችልም።

ፀሐይ ወጣች፦
የቦሌዎቹ ጫማም ያከራያሉ።

ባለከዘራው፦
በስንት ቁጥር?

ፀሐይ ወጣች፦
እሱን አልጠየቅኩም።

ኮረብታ፦
ሊስትሮው፣ የኔ ፊቱ ጋ ብቻ ነው የከፈተው። ማስቲሹን ቀብቼ ወዲያው ላጣብቀው?

ሊስትሮው፦
የለም። መጀመሪያ ጭቃውን አጥበህ በደንብ አድርቀው፣ ሁለቱንም ወገን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ከዚያ ሁለቱም ላይ ስስ አድርገህ ቀባና 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቅ፤ ጣት ስታስነካው ሳይቀባህ ያዝ ሲያደርግ ግጠመውና በመዶሻ መታ መታ አድርገው። እስከ ነገ አትጫማው። ጠያቂዋስ፣ ለየትኛው ወሰነች?

ኮረብታ፦
ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ብርጭቆ ወረቀቱ ሻካራው ነው ለስላሳው?

ሊስትሮው፦
ሻካራው።