በተዘጋ ደረሰኝ ሥር አዲስ ዕቃ እንዳይመዘገብ በዳታቤዙ ውስጥ እንዴት ማገድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ሐዋሳ ለአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የዕቃ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። አንደኛው ሠንጠረዥ ሞዴል 19ን፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሁለተኛው በደረሰኙ ሥር የሚዘረዘሩትን ዕቃዎች ይይዛል፤ የተያያዙትም በፎሪን ኪይ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ የደረሰኙን መለያ ቁጥር ይይዛል። ደረሰኙ ተፈርሞ ከተዘጋ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት የ«ጨምር» ቁልፉን ከስክሪኑ ደብቄው ነበር፤ ሆኖም ባለፈው ሳምንት በተፈረመ ደረሰኝ ሥር፣ ከፊርማው ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ 12 ደስጣ ወረቀት ተመዝግቦ አገኘሁ። የገባው ከኤክሴል በሚጭነው ሌላ ፕሮግራም በኩል ነው። በቼክ ኮንስትሬይንት፣ ማለትም ሠንጠረዡ የትኛውን ረድፍ እንደሚቀበል በሚወስን ደንብ፣ ላግደው ብሞክርም አልተቀበለኝም።

መልስ 1፦ ቼክ ኮንስትሬይንት የሚመለከተው የራሱን ረድፍ ብቻ ስለሆነ በፖስትግሬስ ውስጥ ሌላ ሠንጠረዥ መጠየቅ አይፈቀድለትም። በዕቃዎቹ ሠንጠረዥ ላይ ከኢንሰርት (ከመጨመር)፣ ከአፕዴት (ከመለወጥ) እና ከዲሊት (ከመሰረዝ) በፊት የሚነሣ ትሪገር፣ ማለትም ዳታቤዙ ራሱ የሚያስኬደው ትእዛዝ፣ ጻፍ፤ ደረሰኙ ተዘግቶ ከሆነ ስህተት አንሥቶ ይመልሰው። በአፕዴት ጊዜ አሮጌውንም አዲሱንም የደረሰኝ ቁጥር መርምር፤ አለዚያ ዕቃውን ከክፍት ደረሰኝ ወደ ዝግ ማዛወር ይቻላል።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዱ ሠራተኛ ደረሰኙን እየዘጋ ኮሚት ሳያደርግ፣ ማለትም ለውጡን ሳያጸድቅ፣ ሌላው ዕቃ ቢጨምር፣ ትሪገሩ የሚያየው አሁንም ክፍት የሆነውን ደረሰኝ ነው። ፎሪን ኪይ በደረሰኙ ረድፍ ላይ የሚይዘው ቁልፍ (ሎክ) የደረሰኙ መለያ ቁጥር እንዳይነካ እንጂ ሁኔታው እንዳይለወጥ አይከለክልም። ስለዚህ ትሪገሩ ደረሰኙን «ሰሌክት ፎር ሼር» ብሎ፣ ማለትም ሌላ እንዳይለውጠው ቆልፎ፣ ያንብበው፤ ያን ጊዜ መዝጋቱ እስኪያልቅ ይጠብቅና አዲሱን ሁኔታ ያነባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

መልስ 3፦ የዝግ ደረሰኝን ሁኔታ ወደ ክፍት መመለስንም በደረሰኙ ሠንጠረዥ ላይ በሌላ ትሪገር አግድ። ፕሮግራሞቹም በሠንጠረዡ ባለቤት ስም አይግቡ፤ ባለቤቱ ትሪገሩን ማጥፋት ይችላልና።

መልስ 4፦ ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተሩን አላውቅም፤ በንብረት ክፍል ግን ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በወረቀቱ ሞዴል ከመጨረሻው ዕቃ ሥር የቀረውን ባዶ ቦታ ከመፈረማችን በፊት በእስክሪብቶ ሰያፍ መስመር እንሰርዘው ነበር። ዕቃ ዘግይቶ ከመጣ በአዲስ ሞዴል፣ በአዲስ ቁጥርና በመጣበት ቀን ይመዘገባል እንጂ በአሮጌው ላይ አይገባም። ለዘገየው ዕቃ በር ካልከፈትህላቸው ሠራተኞቹ ሌላ ቀዳዳ መፈለጋቸው አይቀርም።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት መስኮት ከፍቼ ሞከርኩት፦ በአንዱ ደረሰኙን ዘግቼ ኮሚት ሳላደርግ በሌላው ዕቃ ስጨምር ቆሞ ጠበቀ፤ ኮሚት እንዳደረግሁ «ደረሰኙ ተዘግቷል» ብሎ መለሰው። ከኤክሴል የሚጭነው ፕሮግራምም አሁን ይኸው መልስ ይደርሰዋል። 12ቱ ደስጣ ወረቀት፣ ንብረት ክፍሉ ካመነበት በኋላ፣ ትሪገሩን ከመትከሌ በፊት ከአሮጌው ወጥቶ በአዲስ ሞዴል 19 ተመዝግቧል።