ከኤቨረስት የሚያንሰው ቺምቦራዞ እንዴት በለጠ?

ጥያቄ፦
በአንድ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ «ጫፉ ከምድር መሐል እጅግ የሚርቀው ተራራ የትኛው ነው?» ተብሎ ተጠይቆ፣ ተወዳዳሪው ኤቨረስት ብሎ ቢመልስም ትክክለኛው መልስ የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ነው ተባለ። ኤቨረስት 8,848 ሜትር፣ ቺምቦራዞ ደግሞ 6,263 ሜትር ከሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
መልሱ ትክክል ነው። የጠቀሷቸው ቁጥሮች የተለኩት ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ሲሆን፣ የባሕር ጠለል ራሱ ግን ከምድር መሐል ያለው ርቀት በየስፍራው ይለያያል። ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር ወገቧ ወደ ውጭ ገፋ ያለ፣ ዋልታዎቿም በመጠኑ ጠፍጠፍ ያሉ ናቸው፤ ከመሐሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታዎቿ ግን 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ቺምቦራዞ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለሚርቅ ከዚህ እብጠት ሙሉ በሙሉ ይጠቀማል፤ ኤቨረስት ያለው ግን በሰሜን 28ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት የቺምቦራዞ ጫፍ ከምድር መሐል 6,384.4 ኪሎ ሜትር ሲርቅ፣ የኤቨረስት 6,382.3 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

መልስ 2፦
ታሪኩም ደስ የሚል ነው። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ከምድር ወገብ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ካየን ሄዶ፣ በፓሪስ በትክክል ይሠራ የነበረው ባለ ፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር አስተዋለ፤ ሰዓቱን ለማስተካከልም ፔንዱለሙን ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን ማሳጠር ነበረበት። ፔንዱለም የሚዘገየው ስበት ሲቀንስ ነውና፣ ኒውተን ይህን የስበት መቀነስ ምድር በወገቧ በኩል ለመስፋቷ ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርብ፣ በፓሪስ ግን ምድር ወደ ዋልታዎቿ የተሳበች ናት የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ክርክሩን ለመቋጨት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1735 አንድ ቡድን ወደ ዛሬዋ ኢኳዶር፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ቡድን በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ወዳለው ላፕላንድ ላከ፤ ልኬቱም ለኒውተን ፈረደ። የሚገርመው፣ ወደ ኢኳዶር ከሄዱት አንዱ የሆነው ፒዬር ቡጌ የተራራ ስበት ቱምቢን ወደ ጎን ይስብ እንደሆነ የሞከረው በዚሁ በቺምቦራዞ ላይ ነበር።

መልስ 3፦
በእኔ እምነት «ረጅሙ ተራራ» ያለ ማብራሪያ ከተጠየቀ መልሱ ኤቨረስት ነው፤ የውድድሩ ጥያቄ ግን መለኪያውን ለይቶ ስላስቀመጠ አያከራክርም። በዚሁ መለኪያ ከሄድን ደግሞ ኤቨረስትን የሚበልጠው ቺምቦራዞ ብቻ አይደለም። ኪሊማንጃሮም ሆነ የኬንያ ተራራ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆኑ ሁለቱም ይበልጡታል። የእኛው ራስ ደጀን እንኳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በሰሜን 13ኛው ዲግሪ አካባቢ በመገኘቱ፣ እኔ እንዳሰላሁት ከኤቨረስት የሚያንሰው በ700 ሜትር ያህል ብቻ ነው።