ስልኩ ተሰበረ፣ ነገ ጠዋት ቴራፒስቷ ትመጣለች፤ ልጄን በምን ላስቀምጠው?

የባቢ እናት (ኮዬ ፈጬ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባቢ ዛሬ ስልኬን ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወረወረው። በባለቤቴ ስልክ ነው የምጽፈው፣ እሱ ደግሞ ጠዋት ይዞት ይወጣል። ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ሲኖረው ካርቱን ከፍቼ ፊቱ አቆምለት ነበር። በዚያ ነው የሚቀመጠው። ያለ ስልክ 5 ደቂቃ አይቆይም። ጠረጴዛ ስር ይገባል፣ የሥዕል ካርዶቹን ይበትናል፣ ይጮሃል። ቴራፒስቷ ከመገናኛ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው። ባይሰራም ሂሳቡ ይከፈላል። ነገ 4 ሰዓት ላይ ናት። ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ስክሪኑ ብቻ ከሆነ ይቀየራል። መገናኛ ውሰጂው። ሞዴሉ ምንድን ነው?

አባ ሚሚ (የካ አባዶ)፦ አይዞሽ እህቴ፣ የኛዋ ሪሞቱን ሽሮ ድስት ውስጥ ከታዋለች። ሽሮውንም በላነው፣ ሪሞቱም ይሰራል!

መምህር (ሰበታ)፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ዕድሜውን አልነገርሽንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይላል። ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እኛ ያደግነው ማታ ማታ እሳት ዳር፣ በተረትና በእንቆቅልሽ ነው። አያቴ «ምን አውቅልህ» ስንል ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሏል፣ የሚያወራው ስልኩ ብቻ ነው። ወላጆች ይህን እናስብበት።

የባቢ እናት፦ ይቅርታ፣ 3 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ወደ 10 ቃል ይናገራል። ጋሼ፣ ወድጄ አይደለም። ከባቢና ከእህቱ ጋር ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ።

የሚጢ አክስት፦ ወንድ ልጅ ይዘገያል እኮ። የወንድሜ ልጅ እስከ 4 ዓመቱ ዝም ብሎ ዛሬ «ዝም በል» ብንለው አይሰማም። ቴራፒ ለምን አስፈለገ? ገንዘብሽን ያዢ።

ስፒች ነኝ (ለገጣፎ)፦ የሚጢ አክስት፣ የወንድምሽ ልጅ እንኳን ተናገረ። ግን ሁሉም ልጅ በራሱ አይደርስም፣ እየጠበቁ ዓመት ማሳለፍ ደግሞ ይጎዳል። የባቢ እናት፣ የመስማት ምርመራ አድርጓል? ንግግር የዘገየበት ልጅ ሁሉ ያስፈልገዋል። ሲጠሩት ዞር ማለቱ ብቻ በቂ አይደለም።

አሁን ወደ ነገው። ለምን ይቀመጣል? ካርቱን ፊቱ ካለ ዓይኑም ጆሮውም እዚያ ነው። እስካሁን ጸጥ ብሎ ተቀመጠ እንጂ ከቴራፒስቷ ጋር አልሰራም። ነገ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ እሷም እዚያው ትቀመጥ። ጠረጴዛ ስር ሲገባ አትጎትቱት። አኩኩሉ ተጀመረ በሉ። «አኩኩሉ!» በይና ዝም በይ። በሆድሽ እስከ 5 ቁጠሪ። «አ» ቢል፣ ወይም ብቅ ብሎ ቢያይሽ እንኳን መልስ ነው። «አልነጋም!» ብለሽ ሙሉውን በይለት። ሁለት ሦስቴ ከደጋገምሽ በኋላ «ነጋ!» ብለሽ ያዢው። እኛ ትልልቆቹ የልጅ ዝምታ ያስጨንቀንና ቶሎ ገብተን እንሞላዋለን። ያችን ዝምታ ተዉለት፣ ቃሉ የሚመጣው እዚያ ውስጥ ነው።

አሻንጉሊት ሁሉ አይዘርገፍ። ፌስታል ውስጥ ይቆይና አንድ በአንድ ይውጣ። ቆርኪ ጣሳ ውስጥ መጣል ይወዳሉ፣ ድምፁ ደስ ይላቸዋል። ቆርኪዎቹን አንቺ ያዢ፣ እንዲጠይቅሽ። አፉ ውስጥ የሚከት ከሆነ ግን ቆርኪው ይቅር፣ የፕላስቲክ ስኒ ይሁን። ርቦት ወይም እንቅልፍ መጥቶበት አይጀመር። ሳይሰለች ጨዋታ ቀይሩ፣ በመሃል ኮሪደር ላይ ይሩጥ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ስክሪኑን ግን ዛሬውኑ ብትሰጪው ለነገ ይደርስልሻል።

የባቢ እናት፦ ወንድሜ፣ ስልኩ ለሁለት ተከፍሏል። ስፒች ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጆሮውን አላስመረመርኩም፣ ማንም አልነገረኝም።

አባ ሚሚ፦ ቀልዴን ትቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሚሚ ፊዚዮቴራፒ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) ስትሰራ ለቅሶ ብቻ ነበር። ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ሳልኩላት። መጀመሪያ ኳስ፣ ቀጥሎ ውሃ መጫወት። ሥዕሌ ውሻ ይሁን ኳስ አይለይም፣ እሷ ግን ገባት። ቀጥሎ የሚመጣውን ስታውቅ ለቅሶው ቀነሰ። ውሃውን ቃል ከገባህ ግን ጀሪካኑ ባዶ መሆን የለበትም።

መምህር፦ እንቆቅልሽም ይሞከር።

ስፒች ነኝ፦ ለ10 ቃል ልጅ ገና ነው ጋሼ፣ ግን መቀባበሉ ልክ ነው። አኩኩሉም ያው መቀባበል ነው።

የባቢ እናት፦ ከታች ካለው ሱቅ ቆርኪ ለምኜ አምጥቼ አጥቤያለሁ፣ አፉ ውስጥ አይከትም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እህቱ 6 ዓመቷ ነው። ትግባ ወይስ ጎረቤት ልላካት? እሷ ካለች በእሱ ፈንታ ትመልሳለች።

ስፒች ነኝ፦ ቴራፒስቷን ጠይቂያት። እኔ ብሆን አስገባት ነበር። ከጠረጴዛው ስር ከባቢ ጋር ትደበቅና «አልነጋም» ከማለቷ በፊት በጣቷ እስከ 5 እንድትቆጥር ንገሪያት።